አልተኛም ያለው የእትዬ አስረሳሽ ላፕቶፕ

አምባዬ የካ ሚካኤል አካባቢ ተወልዶ ያደገ፣ በአንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት የኮምፒውተር ጥገና ሠራተኛ የሆነ ሰው ነው። ያለው ዲፕሎማ ነው። ሰፈሩ ግን "ኢንጂነር" ይለዋል፤ እሱም አንድ ቀን እንኳ አላረመም። ኮምፒውተሩ የተንቀራፈፈበት ሁሉ "ኢንጂነር ጋ ውሰደው" ይባላል። ኢንጂነርም ገና ክዳኑን ሳይከፍት ራሱን ይነቀንቅና "ምን ነካክታችሁት ነው?" ብሎ ይጠይቃል። ይህችን ጥያቄ ይወዳታል። በሃያ ዓመት የጥገና ሥራ የተማረው ትልቁ ነገር ይኸው ነበር፤ ዕቃ በራሱ አይበላሽም፣ ሰው ነው የሚያበላሸው። ያ ሰው ደግሞ መቼም ቢሆን እሱ ሆኖ አያውቅም።

ሌላው ኩራቱ ሊኑክስ የተባለው በነጻ የሚገኝ የኮምፒውተር ሲስተም ነው። ሰው ሁሉ የተሰረቀ ሲስተም እየጫነ በቫይረስ ሲታመስ እሱ ነጻውን፣ ንጹሑን ሊኑክስ ይዞ በሰላም እንደሚኖር ለሰማውም ላልሰማውም ይናገራል። ሚስቱ ማዕዶት "ስለ እኔ እንዲህ አውርተህ ታውቃለህ?" እያለች ትቀልድበታለች።

እትዬ አስረሳሽ ይህን ስብከት ሰምተው ከተቀበሉት ጥቂት ሰዎች አንዷ ናቸው። ከእንጦጦ ኪዳነ ምሕረት ዝቅ ብሎ ባለው መንደር ይኖራሉ፤ ዕድሜያቸው ወደ ስድሳ ተጠግቷል። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ በወረዳው ጽሕፈት ቤት አጥር ሥር ጃንጥላ ተክለው ማመልከቻ ጽፈዋል። መታወቂያ የጠፋበት፣ ጎረቤቱ አጥር የገፋበት፣ የካርታ ጥያቄው ሦስት ዓመት የከረመበት ሰው ሁሉ በእሳቸው እጅ ያልፋል። ድሮ በእስክሪብቶ ነበር የሚጽፉት። ናዝሬት የምትባለው ልጃቸው ተመርቃ ሐዋሳ ሥራ ስትይዝ የተማሪነት ላፕቶፗን ትታላቸው ሄደች። ላፕቶፑ አርጅቶ ስለነበር ለመነሳት ብቻ ሩብ ሰዓት ይፈጅበታል። አምባዬ ሊኑክስ ጫነበት፣ የአማርኛውን ፊደል አስተካከለላቸው፣ ሁለት ቅዳሜ ሙሉ አጠገባቸው ተቀምጦ አስተማራቸው። ሳንቲም አልተቀበለም። እውነቱ ይነገርለትና ደግ ሰው ነው። ችግሩ ደግነቱን እሱ ራሱ በጣም ማስታወሱ ነው።

አጥሩ ሥር ሶኬት የለም። ስለዚህ እትዬ አስረሳሽ ላፕቶፑን ማታ ቤታቸው ይሞሉትና ቀኑን በባትሪው ይውላሉ። አንዱን ባለጉዳይ ሸኝተው ሌላው እስኪመጣ ክዳኑን ይዘጉታል። ክዳኑ ሲዘጋ ላፕቶፑ ይተኛል፤ ከጎኑ ያለችው ትንሽ መብራት ቀስ እያለች ብልጭ ድርግም ትላለች፤ ባትሪውም ይቆጠባል። ሲከፍቱት ካቆሙበት ቃል ላይ ይነሳል። "እንደኔው ነው፣ ክፍተት ባገኘ ቁጥር ያሸልባል" ይሉ ነበር። የጻፉትን በፍላሽ ወስደው ከጎን ካለው ፎቶ ኮፒ ቤት ያሳትማሉ። በዚህ ዓይነት ሦስት ዓመት ሠሩ።

አንድ ሌላ ዘዴ ደግሞ ነበራቸው፤ ይህችን የነገሩት ለአምባዬ ብቻ ነው። ጠዋት ከመንደራቸው ሲወርዱ ላፕቶፑን በፎጣ ይጠቀልሉና በጀርባቸው ያዝሉታል፤ በነጠላ አጥብቀው ያስሩትና ጋቢ ይደርቡበታል። ያያቸው ሁሉ የልጅ ልጃቸውን ያዘሉ ይመስለዋል። በዚያ ባህር ዛፍ መሃል የላፕቶፕ ቦርሳ ሌባ እንደሚጠራ ያውቃሉ፤ የታዘለ ሕፃን ላይ ግን እጁን የሚዘረጋ የለም። ዝናብም አይደርስበትም፤ ሁለት እጃቸውም ለቁልቁለቱ ነጻ ይሆናል። ሦስት ዓመት ወጥተው ሲወርዱ አንድም ሰው አልነቃባቸውም። ለአምባዬ ሲነግሩት ሁለቱም ስቀው ነበር። ያኔ የሳቁት አብረው ነው።

በሰኔ መጨረሻ አንድ ቅዳሜ ላፕቶፑን ቤቱ ድረስ ይዘውለት መጡ። ሁለት ፊደል አልወጣ ብሏቸው ነበር። አምባዬ በአምስት ደቂቃ አስተካከለው። እጁ ግን በዚያ መች ይቆማል፣ ሲስተሙን በሙሉ አፕዴት አደረገው። ከርነሉም በአዲስ ተተካ። ከርነል የሲስተሙ እምብርት ነው፤ ኮምፒውተሩን የሚያነቃውም የሚያስተኛውም እሱ ነው። "አዲስ አድርጌዋለሁ" አላቸው። መርቀውት ሄዱ። ክዳኑን ዘግቶ ይተኛ እንደሆነ አላየም። ሦስት ዓመት ሲተኛ የኖረ ዕቃ ነው፤ ምን ብሎ ይፈትሻል?

በሳምንቱ ረቡዕ ምሳ ሰዓት ላይ አምባዬ በወረዳው ጽሕፈት ቤት በኩል ሲያልፍ እትዬ አስረሳሽ በእጃቸው ጠሩት። ዝናብ አባርቶ ነበርና ሰባት ስምንት ባለጉዳዮች አጥሩን ተደግፈው ተራ ይጠብቃሉ።

"አምባዬ ልጄ፣ ይኼ ነገር አመመው መሰለኝ" አሉት። "ዘግቼ አዝዬው ስመጣ ጀርባዬን ያቃጥለኛል። እዚህ ደርሼ ስከፍተው ባትሪው ጥርግ ብሎ አልቋል። ሦስት ቀን ሙሉ በእስክሪብቶ ነው የጻፍኩት። አንተ ቤት ካመጣሁት ወዲህ ነው እንዲህ የሆነው።"

አዝዬው ያሉት ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ነበር። የመጨረሻዋን ቃል ግን ሰልፉ ሰምቷታል፤ አምባዬን የወጋችውም እሷው ነች። አንተ ቤት ካመጣሁት ወዲህ። በሰው ፊት፣ ለዚያውም በነጻ ለሠራው ሥራ።

"እትዬ አስረሳሽ፣ ልጅ መሰለዎት እንዴ የሚያዝሉት?" አለ፣ ድምፁን ከፍ አድርጎ። "በፎጣ ጠቅልለው፣ በነጠላ አስረው፣ በጋቢ አፍነውት እንዴት አይሞቅ? ላፕቶፕ አይታዘልም፤ ጡትም አይጠባም። ክዳኑንም በደንብ አይዘጉትም ይሆናል። ማሽኑ ምንም የለበትም።"

ሰልፉ ሳቀ። አንድ ቆዳ ጃኬት የለበሰ፣ ስለ ካርታው ጉዳይ የሚመላለስ ሰውዬ ደግሞ "ሲያለቅስ እሹሩሩ ይበሉት እንጂ" ብሎ ጨመረበት፤ ሳቁ እንደገና ተነሳ። አምባዬም ፈገግ አለ።

እትዬ አስረሳሽ የነጠላቸውን ጫፍ ወደ አፋቸው ሳብ አደረጉ። "እሺ" አሉ። "አመሰግናለሁ ኢንጂነር፤ እንዳሉኝ አደርጋለሁ።"

እንዳልከኝ አላሉም፤ እንዳሉኝ ነው ያሉት። ከልጅነቱ ጀምሮ አንተ ሲሉት የኖሩ ሴት ናቸው። አምባዬ ሰምቷል፤ ሰምቶም ወደ ምሳው ሄደ።

ቀልዲቱ ከእሱ ቀድማ ታክሲ ተራ ደረሰች። ማታ እትዬ አስረሳሽ ወደ ቤታቸው ሲወጡ የማያውቋቸው ወጣቶች "እማማ፣ ልጁ ተኛ?" አሏቸው። ከዚያ በኋላ የእንጦጦን መንገድ የሚያውቅ ሁሉ ጀርባቸው ላይ ያለው ምን እንደሆነ ያውቃል። ማዘሉ ቀረ። ላፕቶፑን በወፍራም ፌስታል አድርገው፣ በጋቢ ሥር በብብታቸው ይዘው፣ ግራ ቀኝ እያዩ መውረድ ጀመሩ። ጠዋት አጥፍተው ቢያመጡትም ቀን ተራ በተራ ሲዘጉና ሲከፍቱት ከአራት ሰዓት በፊት ባትሪው ያልቃል። ሐምሌ ሊገባደድ ሲል፣ ጭቃው በከፋበት ቁልቁለት ላይ አዳለጣቸው። ላፕቶፑን ላለመጣል በግራ እጃቸው አቅፈው በቀኝ እጃቸው ላይ ወደቁ። ላፕቶፑ ተረፈ። አንጓቸውን ወጌሻ አሽቶ በጨርቅ አሠረላቸው፤ እስክሪብቶ መጨበጥ ግን አቃታቸው።

ማዕዶት ይህን ከሰፈር ሰምታ ስትነግረው አምባዬ "ወይኔ፣ ምስኪን" አለ። ከልቡ ነው ያዘነው። ሆኖም በልቡ አንድ ጥግ "ምነው ቢጠነቀቁ" የሚል ነገር ነበረ።

የእሱና የእትዬ አስረሳሽ ላፕቶፕ ሥሪታቸው አንድ ነው። የእሱም በዚያው ሳምንት አፕዴት ተደርጓል። ግን ሁልጊዜ ቢሮ ጠረጴዛ ላይ ተሰክቶ ስለሚውል ክዳኑ ተዘግቶ አያውቅም። ነሐሴ በገባ በመጀመሪያው ዓርብ የቢሮው ጣሪያ አፈሰሰና ሠራተኛው ሁሉ ዕቃውን ይዞ እንዲወጣ ታዘዘ። አምባዬ ላፕቶፑን ራሱ በሁለት እጁ ዘጋ፣ ቦርሳው ውስጥ ከተተ፣ ሚኒባስ ተሳፈረ፣ ቦርሳውን ጭኑ ላይ አስቀመጠ። ጥቂት እንደሄዱ ጭኑን ሞቀው። ከሾፌሩ ጎን ነበር የተቀመጠው፤ የሞተሩ ሙቀት መሰለው። ቆይቶ ያቃጥለው ጀመር። ቤቱ ደርሶ ሲያወጣው ማራገቢያው ይጮሃል፣ የላፕቶፑ ሆድ እጅ አያስነካም። ሲከፍተው ባትሪው ጥርግ ብሎ ሊያልቅ ደርሷል።

ቆሞ ቀረ። በሃያ ዓመት ለመጀመሪያ ጊዜ የሚወዳት ጥያቄ ወደ ራሱ ዞረችበት። ምን ነካክቼው ነው?

ቅዳሜ ጠዋት ማዕዶት ገበያ ስትሄድ በሩን ዘግቶ ተቀመጠ። ክዳኑን ዘጋ፤ መብራቷ ብልጭ ድርግም አላለችም። ከፈተ፣ ዘጋ፣ አያት። ዘጠኝ ጊዜ ሞከረ። ኢንተርኔት ላይ ሲፈልግ የዚያው ሥሪት ላፕቶፕ ያላቸው ሰዎች ከየአገሩ ተመሳሳይ አቤቱታ ጽፈው አገኘ፤ አዲሱ ከርነል ከገባ ወዲህ ላፕቶፓችን አይተኛም፣ ቦርሳ ውስጥ ይግላል፣ ባትሪውን ይጨርሳል። አንዱ እንዲያውም "ጀርባዬን አቃጠለኝ" ብሎ ነበር። ከሥሩ አርባ ሰው አመስግኖታል። ማንም አልሳቀበትም። ላፕቶፑን እንደገና አስነስቶ ከሚመጣው ዝርዝር ላይ የድሮውን ከርነል መረጠ፤ ክዳኑን ሲዘጋው መብራቷ በዝግታ ብልጭ ድርግም ማለት ጀመረች። ወደ አዲሱ መለሰው፤ አልተኛም። ከዚህ በላይ ማስረጃ አያስፈልገውም። እምብርቱን የለወጠው አፕዴቱ ነው፤ አፕዴቱን ያደረገው ደግሞ የእሱ እጅ ነው።

ሥራው የሁለት ደቂቃ ነው። ዳገቱን ወጥቶ፣ በራቸውን አንኳኩቶ፣ ሁለት ደቂቃ ተቀምጦ መመለስ ይችል ነበር። ጫማውን አደረገ። በሩን ከፈተ። የታሰረው እጃቸው ትዝ አለውና በሩን መልሶ ዘጋ። ምን ብሎ ይጀምራል? ላፕቶፑን ብቻ ቢሆን ያስተካክለዋል። ያንን ሳቅ፣ ያንን የተገለጠ ምስጢር፣ ያንን አንጓ በምን ያስተካክለዋል? ከነገ ወዲያ አለ። ከነገ ወዲያው ሲደርስም እንዲሁ አለ።

ከዚያ መንገድ ለወጠ። ወደ ቢሮ ሲሄድ በወረዳው ጽሕፈት ቤት በኩል ማለፉን ትቶ በቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ፣ በጭቃው ዞሮ መሄድ ጀመረ። ማዕዶት በየማታው ጫማውን እያየች "ይኼ ሁሉ ጭቃ ከየት ነው?" ትለዋለች፤ እሱ "መንገዱ እየተቆፈረ ነው" ይላታል። አንድ ቀን ጎርፍ መንገድ ዘግቶበት በአጥሩ በኩል ለማለፍ ተገደደ። እትዬ አስረሳሽ ጃንጥላቸው ሥር ነበሩ። ላፕቶፕ የለም። ባለጉዳዩ ራሱ ጉልበቱ ላይ ወረቀት ዘርግቶ ይጽፋል፤ እሳቸው እጃቸውን ደረታቸው ላይ ይዘው ቃል ይነግሩታል። "ለየካ ክፍለ ከተማ፣ በል እዚያ ላይ አስምርበት" ሲሉ ድምፃቸው ተሰማው። አምባዬ የቆመ አይሱዙ ሥር ተከልሎ፣ ጎንበስ ብሎ አለፈ። አርባ አምስት ዓመት የሞላው፣ ኢንጂነር የሚባል ሰው፣ ከአንዲት ሴት በመኪና ጎማ ተደብቆ አለፈ። ራሱን ጠላ። ግን በማግሥቱም በጭቃው ነው የሄደው።

ፍልሰታ ተፈትቶ በመጣው እሑድ፣ ከቅዳሴ በኋላ፣ ሁለት ሽማግሌዎች የአምባዬን በር አንኳኩ። አንደኛው የእትዬ አስረሳሽ የነፍስ አባት፣ የኪዳነ ምሕረቱ ቄስ ዘመንፈስቅዱስ ናቸው። ሁለተኛው አቶ ፍሮምሳ ናቸው፤ አምባዬን ስምንተኛ ክፍል ጂኦግራፊ ያስተማሩ ጡረተኛ። አምባዬ መስቀል ተሳለመ፣ ወንበር ሰጠ፣ እሱም ተቀመጠ። ሊከሱኝ መጡ አለ በልቡ። እንዲያውም ትንሽ ቀለል አለው፤ እነሱ ከተናገሩት እሱ ከመናገር ይገላገላል።

"አምባዬ" አሉ ቄሱ፣ "የመጣነው የበደለችህ ሴት ልካን ነው።"

አልገባውም።

"አስረሳሽ ናት" አሉ። "ወድቃ እጇ የተጎዳ ቀን፣ ሕመሙ ሲጸናባት፣ ለወጌሻው 'ኮምፒውተሬን ያበላሸው አምባዬ ነው' ብላ ተናግራለች። ያ ቃል ጆሮህ ገብቶ እንደተቀየምካት ገብቷታል። በነጻ የረዳኝን ሰው ስሙን አጠፋሁ፣ ይቅር በለኝ በሉልኝ ብላ ነው የላከችን።"

"በጭቃው ዞረህ ስትሄድ አይታሃለች" አሉ አቶ ፍሮምሳ። "ፊቷን ላለማየት ብለህ እንደሆነ አውቃለች። ትልቅ ሴት ናት፤ ሦስት ሳምንት ይህን ይዛ መክረሟ ከብዷታል።"

አምባዬ ሁለቱን ተራ በተራ አያቸው። "የት ናቸው?" አለ።

"በር ላይ ናት። አንተ ይቅር ሳትላት አትገባም።"

የቆርቆሮው ጣሪያ ላይ ካፊያው ይሰማል። በደል የሠራ ሰው ይቅርታው እስኪነገረው ከደጅ ይቆማል፤ እንዲያ ነው የሚደረገው። በደል የሠራው ሰው ግን ከምድጃው አጠገብ፣ ካልሲ አድርጎ ተቀምጧል። "ይግቡ፣ ዝናብ ነው" አለ አምባዬ ብድግ ብሎ።

"መጀመሪያ ቃሉን በላ" አሉ ቄሱ በለሆሳስ።

አሁን መናገር ነበረበት። አፉንም ከፍቶ ነበር። አቶ ፍሮምሳ ዝምታውን ቂም መስሏቸው "አታስጨንቃት እንጂ ልጄ" ሲሉት የወጣው ቃል "ይቅር ለእግዚአብሔር" የሚለው ሆነ። ከዝናቡ እንዲገቡ ብዬ ነው አለ ለራሱ። ዝናቡ ሰበብ ነበር፤ ፈርቶ ነው።

እትዬ አስረሳሽ ገቡ። ጋቢያቸው ጤዛ አዝሏል። ጎንበስ ብለው ጉልበቱን ሊይዙ ሲሉ ትከሻቸውን ይዞ ቀና አደረጋቸው፤ የታሰረው እጃቸው ደረቱን ነካው። "ስምዎን አጥፍቻለሁ፣ ይቅር ይበሉኝ" አሉት። ከዚያ በብብታቸው የያዙትን ፌስታል ጠረጴዛው ላይ አኖሩ። "ይኼንንም አምጥቼዋለሁ። እኔ አልሆንኩበትም። ለሚያውቅበት ሰው ይስጡልኝ፤ ናዝሬትም እሺ ብላለች።"

አምባዬ ላፕቶፑን አውጥቶ ሰካው። ምን ያድርግ፣ የሚያውቀው ይህን ነው። አስነሳው፣ ከዝርዝሩ የድሮውን ከርነል መረጠ፣ ሁልጊዜ በዚያው እንዲነሳ አደረገው። ሁለት ደቂቃ እንኳ አልሞላም። ክዳኑን ዘጋ። ትንሿ መብራት ቀስ ብላ ብልጭ ድርግም አለች።

"ተኛ" አሉ እትዬ አስረሳሽ። ፊታቸው በራ።

"እጅህን ይባርክ" አሉ ቄሱ። ማዕዶት የምግብ ትሪ ይዛ ከጓዳ ስትወጣ በባሏ ኩራት ፈገግ ብላ ነበር። ነገሩ ሁሉ አምሮ ሊያልቅ ነው፤ ይቅርታው ተባለ፣ ዕቃው ተሠራ፣ ምርቃቱ ወረደ። እትዬ አስረሳሽ ግን መብራቷን እያዩ አንድ ነገር ጠየቁ።

"ኢንጂነር፣ ሁለተኛ እንዳልደግመው፣ ምን አጥፍቼ ነበር?"

መልስ ሞልቶታል። ሙቀቱ ነው ቢል፣ ፎጣው ነው ቢል፣ አንድ ቁልፍ ነካክተው ነው ቢል ሁሉም ያምኑታል፤ ከሁሉም በላይ እሳቸው ያምኑታል። ዕድሜያቸውን ሙሉ ያንን ያላጠፉትን ጥፋት ላለመድገም ሲጠነቀቁ ይኖራሉ። አምባዬ የታሰረውን እጅ አየ። ፊቱ እስከ ጆሮው ጋለ።

"ምንም አላጠፉም" አለ።

"እንዴት?"

"ያበላሸሁት እኔ ነኝ። ያን ቅዳሜ አፕዴት ሳደርገው ነው እንቅልፉን ያጣው። ክዳኑን ሲዘጉት የተኛ ይመስላል እንጂ ነቅቶ ነበር፤ ለዚያ ነው ጀርባዎን ያቃጠለዎት። ለወጌሻው የነገሩት እውነት ነው።"

አቶ ፍሮምሳ መነጽራቸውን አወለቁ። "መቼ ነው ይህን ያወቅኸው?" አሉ፣ ክፍል ውስጥ እንደሚጠይቁት ዓይነት።

"ሁለት ሳምንት አለፈኝ።"

"እንግዲያው አሁን ይቅር ለእግዚአብሔር ስትል ታውቅ ነበር?" አሉ ቄሱ።

"አውቅ ነበር፣ አባ።"

ማዕዶት ትሪውን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ አንገቷን ደፋች። ከሁሉም ይህ ባሰበት። እሷን ቀና ብሎ ማየት አቃተው።

እትዬ አስረሳሽ ያልታሰረውን እጃቸውን ላፕቶፑ ላይ አሳርፈው ቅዝቃዜውን ያዳምጡ ነበር። "ጀርባዬ ነግሮኝ ነበር" አሉ በመጨረሻ። "ሰባት ልጅ ያዘልኩበት ጀርባ ነው፤ ትኩሳት ያውቃል። እኔ ጀርባዬን ትቼ አንተን አመንኩ።"

አንተ ብለውታል። አምባዬ እንባው መጣ።

ቄሱ ስለ ንስሐው ሊናገሩ ጉሮሯቸውን ሲጠርጉ እትዬ አስረሳሽ "አባ፣ ይተውት፣ እኔ እነግረዋለሁ" አሏቸው። ወደ አምባዬ ዞሩ። "እጄ ይድናል፤ ስለሱ አላዝንብህም። የተሳቀብኝ ግን እዚህ ቤት ውስጥ አይደለም፤ ሰልፉ ፊት ነው። እዚህ ይቅር በይኝ ብትለኝ ምን ይሠራልኛል? ነገ ጠዋት አሥራ ሁለት ተኩል ላይ ቤቴ ና።"

በማግሥቱ አምባዬ ጨለማው ገና ሳይለቅ ዳገቱን ወጣ። እትዬ አስረሳሽ ላፕቶፑን በፎጣ ጠቅልለው ጠበቁት። "ጎንበስ በል" አሉት። ጀርባው ላይ አኖሩት፤ ነጠላውን በአንድ እጃቸውና በጥርሳቸው እየሳቡ ደረቱ ላይ አሠሩለት። ጋቢ አላለበሱትም። "አንተ የምትደብቀው የለህም" አሉ።

ቁልቁለቱን ከፊት እሱ ከኋላ እሳቸው ሆነው ወረዱ። እንጨት ተሸክመው የሚወርዱ ሴቶች ቆመው አዩትና እርስ በርሳቸው ተጠቃቀሱ፤ አንዷ ሳቋን መያዝ አልቻለችም። ጀሪካን የያዙ ልጃገረዶች "ጋሼ፣ ስሙ ማነው?" አሉት። አምባዬ እርምጃውን አፈጠነ።

"ቀስ በል" አሉት ከኋላው። "እኔ የተሳቀብኝ ማታ ቀስ ብዬ ነው ያለፍኩት።"

ቀስ አለ። ጀርባው ላይ ያለው ነገር ምንም አይሞቅም፤ ተኝቷል።

አጥሩ ሥር ሲደርሱ አሥር የሚሆን ሰው ተሰልፏል። የረቡዕ ዕለቱ ሰልፍ አልነበረም፤ ያ ባለ ቆዳ ጃኬት ግን አለ፤ የካርታው ጉዳይ ዛሬም አላለቀለትም። አምባዬን አይቶ አፉን ከፈተ። አምባዬ ነጠላውን ሳይፈታ ሰልፉ ፊት ቆመ። ማታ ያሰባቸው ቃላት ሁሉ ጠፉበት።

"ይህ ላፕቶፕ እትዬ አስረሳሽ ስላዘሉት አልነበረም የሚሞቀው" አለ። "እኔ ነኝ ያበላሸሁት። እዚህ ቦታ ላይ በሐሰት ሳቅኩባቸው፣ አሳቅኩባቸውም። በኋላ እውነቱን ሳውቅም ከሁለት ሳምንት በላይ ዝም አልኩ። እጃቸው የተጎዳው በኔ ምክንያት ነው።"

ጉዳዩን የማያውቁት ግራ ተጋብተው ተያዩ። ባለ ቆዳ ጃኬቱ አፉን መልሶ ገጠመና ኮፍያውን አስተካከለ። መሳቅ የጀመሩትም ተዉት። አምባዬ እግሩ የሚሄድበትን አጣ።

እትዬ አስረሳሽ ጃንጥላቸውን ተክለው በርጩማቸው ላይ ተቀምጠዋል። ነጠላውን ፈተው ላፕቶፑን ከጀርባው ተቀበሉት፣ ጉልበታቸው ላይ አኖሩት፣ ክዳኑን በግራ እጃቸው ከፈቱት። ካቆሙበት ቃል ላይ ተነሳ።

"እጄ እስኪድን በየጠዋቱ አሥራ ሁለት ተኩል" አሉት፣ ዓይናቸውን ከስክሪኑ ሳያነሱ። ከዚያ ወደ ሰልፉ ቀና ብለው "ተራው የማን ነው?" ሲሉ ባለ ቆዳ ጃኬቱ ወረቀቱን ይዞ ቀረበ።

አምባዬ ነጠላውን አጥፎ አጠገባቸው አስቀመጠና ወደ ቢሮው ሄደ። በዋናው መንገድ ነው የሄደው፤ ፊቱ ግን እስከ ቢሮው በር ድረስ እያቃጠለው ነበር።